«እሷ ትልቀቅ» የሚለው ፍርድ

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳማ ላይ ለሽምግልና ተጠራሁ። እንደለመድነው «ይጠጣል» ወይም «ሌላ ሴት ይዟል» የሚል ክስ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። አልነበረም። ባልና ሚስቱ ይዋደዳሉ፤ ይከባበራሉ። ያጣላቸው መቶ ኪሎ ሜትር መንገድ ነው።

እሱ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ይሠራል። እሷ አዳማ ውስጥ በአንድ ጤና ተቋም የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። የሦስት ዓመት ልጅ አላቸው። ባል ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከቤት ይወጣል፤ ማታ ሁለት ሰዓት ሲል ይመለሳል። ሲወጣ ልጁ ተኝቷል፤ ሲመለስም ተኝቷል። «እኔ በቃኝ፤ አዲስ አበባ እንግባ» ይላል እሱ። «ሥራዬንስ የት ላድርገው?» ትላለች እሷ።

አምስት ሽማግሌዎች ነበርን። ቡናው ሁለተኛው ሳይደርስ ፍርዱ ተገኘ። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ልጄ፣ የእሱ ደመወዝ ያንቺን እጥፍ ነው። አንቺ ልቀቂና ተከተዪው። እዚያ ሌላ አታጪም» አሏት። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ አንድ ሁለት ነገር ለማለት ስሞክር «አንተ ደግሞ ነገር አታወሳስብ» ተባልኩ። ሚስት አንገቷን ደፍታ ቆየችና «አባቶቼ፣ ስንት እንደሚከፈለኝ ሁላችሁም ጠየቃችሁኝ። ስንት ሰዓት እንደምገባና እንደምወጣ ግን አንዳችሁም አልጠየቃችሁኝም» አለች።

ዝም አልን። ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት ያልመለስኩላት መልስ ነው።

በመጀመሪያ ነገር «ሚስት ባሏን ትከተል» የሚለው ፍርድ ከየት መጣ? ከባህል መጣ እንላለን። ከባህል ብቻ አይደለም፤ ከሕግም መጥቶ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎት ነበር፤ የጋራ መኖሪያቸው የት ይሁን የሚለውንም የሚወስነው እሱ ነበር። ሽማግሌዎቻችን በዚያ ዘመን ቢቀመጡ ኖሮ ፍርዳቸው ከሕጉ ጋር ይስማማ ነበር። ነገር ግን በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ34ኛው አንቀጽ ባልና ሚስት በጋብቻው አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት አላቸው ብሏል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የባልን አለቅነት አንስቶ መኖሪያቸውን ሁለቱ ተስማምተው እንዲመርጡ አድርጓል። ሕጉ ከተለወጠ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቡና ላይ የምንፈርደው ግን አሁንም በ52ቱ ሕግ ነው። ልዩነቱ፣ ድሮ «ባል ስለሆነ» ይባል ነበር፤ ዛሬ «ደመወዙ ስለሚበልጥ» ይባላል። ስሙን ለውጦ የመጣው ያው የድሮው ፍርድ ነው።

ታዲያ ደመወዝ ምን አጠፋ? ሰው የሚበላው ደመወዙን አይደል? ልክ ነው። እንግዲያው ሒሳቡን እንሥራው፤ ግን ሙሉውን እንሥራው።

የመንግሥት ሠራተኛዋ በየወሩ ከደመወዟ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጥባታል፤ አሠሪዋ ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርላታል። አሥር ዓመት ሳታገለግል በፈቃዷ ከለቀቀች ግን የዕድሜ ልክ አበል የለም። የስድስትና የሰባት ዓመት ሠራተኛ «ልቀቂና ተከተዪው» ስትባል፣ እርጅናዋን ይዛ እንድትለቅ እየተነገራት ነው። የደረጃ ዕድገቷ፣ የሥልጠና ተራዋ፣ የሙያ ፈቃዷ እንዳለ ሆኖ እጇ የሚረሳው ሙያ፣ እነዚህ በሽማግሌ ፊት አልተቆጠሩም። አያድርገውና ትዳሩ ቢፈርስ፣ የጋራ ንብረት ለሁለት ይካፈላል። የተተወ ሙያን ግን የትኛው ፍርድ ቤት ይከፍለዋል? አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት ለጎጆ ብቻ አይደለም። አንዱን ባላ በገዛ እጃችን ነቅለን፣ በሌላው ላይ ቤተሰቡን በሙሉ አንጠልጥለን፣ ይህን ምክር እንለዋለን!

ደሞ በተቃራኒው እንዳልታማ የባልየውንም ሒሳብ ልሥራ። እሱም ተበድሏል። ከአዳማ አዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ደርሶ መልስ ሁለት መቶ። በወር 22 የሥራ ቀን ቢመላለስ 4,400 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አንድ ወር ለዕረፍት ትተንለት በአሥራ አንድ ወር ስናባዛው 48,400 ይሆናል። የምድር ዙሪያ አርባ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ሰውዬ በየዓመቱ ምድርን ከአንድ ዙር በላይ ይዞራል፤ ሆኖም ያየው ቃሊቲን ነው! ከቤት እስከ ቢሮ ደርሶ መልሱን አራት ሰዓት ብንለው በወር 88 ሰዓት ነው፤ በስምንት ሰዓት ስናካፍለው የ11 ቀን ሥራ። በዓመት 968 ሰዓት ይሆናል። ይህም ማለት አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ነው። አንድ ጾም ሙሉ ሚኒባስ ውስጥ ማለት ነው።

«ኧረ አሁን እኮ መንገዱ ፈጣን ሆኗል» የሚል አይጠፋም። ሆኗል። በመስከረም 2007 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በስድስት ረድፍ ከቱሉ ዲምቱ አዳማ ያደርሳል፤ በእሱ ላይ አንድ ሰዓት አይሞላም። በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ መሐል እየተጋፋን የምንሄድበትን የድሮውን መንገድ የሚያስታውስ ሰው ይህን ልማት አይንቅም። ግን ልብ በሉ፤ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ሜክሲኮ ወይም ፒያሳ ያለው መንገድ አልፈጠነም። መናኸሪያው ውስጥ መኪናው እስኪሞላ የሚጠበቀው ሰዓትም አልፈጠነም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቼዛሬ ማርኬቲ የተባለ ጣሊያናዊ የፊዚክስ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን በ1994 ያመለከተው ነገር አለ፤ ሰው በየትም አገር ለዕለት ጉዞው የሚመድበው ጊዜ በአማካይ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ መንገድ ሲፈጥንለት ጊዜውን አያተርፍም፤ ይልቁንስ ርቆ ይኖራል። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ከመንገዱ መፈጠን በፊት አዳማ እየኖሩ አዲስ አበባ መሥራት የእብድ ሥራ ነበር። ዛሬ «ምን አለው?» ይባላል። መንገዱ ሰዓት ሰጠን፤ እኛ ግን ሰዓቱን መልሰን ለመንገዱ ሰጠነው፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ ከነአራጣው።

ይህ ነገር በትዳር ላይ የሚያደርሰውን ፈረንጆቹ አጥንተውታል። በስዊድን የኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆነችው ኤሪካ ሳንዶቭ፣ ከባልና ሚስት አንዳቸው ረጅም ርቀት የሚመላለሱ ከሆነ የመለያየት ዕድላቸው ከሌሎቹ በ40 በመቶ ከፍ እንደሚል አግኝታለች። ስዊድን ባቡሩ በሰዓቱ የሚመጣበት አገር ነው። የእኛን አስቡት። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሳት ከጀመረ ወዲህ ታሪፉ የት እንደደረሰ ተመላላሹ ያውቀዋል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የመንገዱ ጸጥታ ራሱ ለሚስትም ለእናትም የማታ ሥጋት ሆኗል፤ «ደርሻለሁ» የሚለው ስልክ እስኪደወል እራት አይበላም።

እንግዲህ ሁለቱም ከተጎዱ መፍትሔው «መሐል ላይ መኖር ነው» የሚሉ ብልሆች አሉ። እሱ ግማሽ ይሂድ፤ እሷም ግማሽ ትሂድ፤ ፍትሕ ማለት ይህ ነው ይላሉ። ይህን ምክር ሰምተው ሞጆና ቢሾፍቱ ቤት የተከራዩ ባልና ሚስቶች አውቃለሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

በመጀመሪያ፣ መሐል የሚባለው በካርታ ላይ እንጂ በመንገድ ላይ የለም። ሚኒባስ የሚሞላው ጫፍና ጫፍ ላይ ነው። ከአዳማ መናኸሪያ ሞልቶ የወጣ መኪና ወደ ፍጥነት መንገዱ ይገባል፤ ፍጥነት መንገዱ ደግሞ ሞጆንም ቢሾፍቱንም በጎን ትቷቸው ያልፋል። ሹፌሩ ምን ፍለጋ ይቆምልሃል? መሐል ላይ ያለ ሰው ጠዋት ጠዋት አስፋልት ዳር ቆሞ ወያላ በጣቱ «ሙሉ ነው» እያለ ሲያልፈው ያያል። የኪሎ ሜትሩ ግማሽ የሰዓቱ ግማሽ አይደለም።

ሁለተኛና ዋናው ግን ልጁ ነው። መሐል ከተማ ላይ የሚያድግ ልጅ ከአባቱም ከእናቱም እኩል የራቀ ልጅ ነው። ቀን አራት ሰዓት ላይ ትኩሳት ቢይዘው ወይም ከመዋዕለ ሕፃናት «ኑ ውሰዱት» ተብሎ ቢደወል ማን ይደርስለታል? አክስት የለ፣ አያት የለ፣ የሚያውቁት ጎረቤት የለ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይባል የለ? ጎረቤትን ጎረቤት የሚያደርገው ደግሞ አብሮ መዋል ነው። ሁለት ተመላላሾች ሠፈር የላቸውም፤ ያላቸው የማደሪያ አድራሻ ነው። ዕድር ይከፍላሉ፤ ቀባሪውን ግን አያውቁትም። ሁለቱን እኩል ማድከም እኩልነት ነው ያለው ማን ነው?

ሌላው ቤቱን ራሱን ዳኛ የሚያደርግ ሰው ነው። «ኮንዶሚኒየም ወጣልን»፣ «በማኅበር ቦታ አገኘን» ይላል፤ እዚያው ይገባል። ቤት ማግኘት በእኛ አገር ምን ያህል ዕድል እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልቀልድበትም። ግን ኮንዶሚኒየም ለአምስት ዓመት መሸጥ ባይቻል ማከራየት ይቻላል። በኪራዩ ሌላ ቦታ መከራየት ይቻላል። የሦስት ዓመት ልጅን የማታ ሰዓት ግን ማከራየት አይቻልም፤ የሚመጣው አንድ ጊዜ ነው።

በተለይ ወደ ታችኛው ስምጥ ሸለቆ ወርዶ በኪራይ ርካሽነት ብቻ ከተማ ለሚመርጥ ሰው አንድ ነገር ላንሳ። በመቂ፣ በባቱ (ዝዋይ)፣ በወንጂ አካባቢ ያደገ ሰው ሲስቅ ጥርሱ ታሪኩን ይናገራል። የከርሰ ምድር ውሃው ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ነው። በልጅነት የተጠጣ ውሃ ጥርስን ያበልዛል፤ ሲበዛም አጥንት ይጎዳል። ኪራይ ከመጠየቅ በፊት «ውሃው ከየት ይመጣል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የት እንኑር ማለት ልጁ ምን እየጠጣ ይደግ ማለትም ነውና።

መሥሪያ ቤትን ተከትሎ ቤት መሥራትስ? እዚህ ላይ አዳማ ራሷ ትመስክር። የኦሮሚያ ክልል ዋና ከተማ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ (ፊንፊኔ) ወደ አዳማ ተዛወረ። በፖለቲካው ብዙ ተብሏል፤ የተማሪ ተቃውሞም አስነስቷል። እኔ የማወራው ስለ ሠራተኛው ጓዳ ነው። መዝገቡና ወንበሩ በመኪና ተጭኖ መጣ። የሠራተኛው ሚስት ግን አዲስ አበባ አስተማሪ ናት፤ ልጁ አዲስ አበባ ክፍል ተመዝግቧል። አንዱ ቤተሰቡን ይዞ መጣ፣ አንዱ ብቻውን ክፍል ተከራየ፣ አንዱ መመላለስ ጀመረ። በሰኔ 1997 ዓ.ም. ደግሞ መቀመጫው ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ሚስቱን አስለቅቆ አዳማ ያመጣው ሰውዬ ምን ይበል? መሥሪያ ቤት ምክንያት አለው፤ ይሄዳል፣ ይመጣል። ደብዳቤ ጽፎ አድራሻውን ይቀይራል። የአንድን ሰው ሙያ አፍርሶ በመሥሪያ ቤት አድራሻ ላይ ትዳር መሥራት በአሸዋ ላይ ቤት መሥራት ነው።

እንግዲያው የእኔ ፍርድ ምንድነው? ነቅፎ መሄድ ቀላል ነው፤ ልናገር። የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ይበልጥ ይከፈለዋል?» አይሁን። «የማን ሰዓት አይታጠፍም?» ይሁን። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ የሌሊት ተረኛ ናት፤ ደም ሲመጣ መገኘት አለባት። መምህሩ ደወል አለበት። የፋብሪካ ሠራተኛዋ መስመሩ ላይ ቦታዋ ባዶ ከሆነ ማሽኑ ይቆማል። እነዚህ ሰዎች በሥራቸው አጠገብ መኖር አለባቸው። ወረቀትና ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ ሰው ግን፣ ሥራው ቢከብድም ቢከበርም፣ ሰዓቱ ይታጠፋል። ሁለተኛው ጥያቄ «ቀን ላይ ለልጁ የሚደርስለት ማን ነው? የትስ ነው ያለው?» ይሁን። ሦስተኛው «ሙያውን ሳያጣ ቦታ መቀየር የሚችለው ማን ነው?» ይሁን። ደመወዝ አራተኛ ይምጣ። በዚህ መለኪያ አንዳንዴ ሚስት ትከተላለች፤ አንዳንዴ ባል ይከተላል። ባል ሚስቱን ተከትሎ አዳማ፣ ሻሸመኔ ወይም አሰላ ቢገባ «ሚስቱ ቤት ገባ» ብለን የምናሽሟጥጠው እኛው ነን። መጀመሪያ ይህን ምላሳችንን እንሰብስብ።

የሚመላለሰውም ቤቱ ውስጥ እንግዳ አይሁን። «ደክሞታል» ተብሎ እራቱን በልቶ የሚተኛ አባት ኪራይ ከፋይ እንጂ ባለቤት አይደለም። አንድ ማታ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የእሱ ይሁንና ልጁን ያጥብ፣ ያልብስ።

አንዳቸው አዳማ አንዳቸው ሐዋሳ ወይም ሻሸመኔ ለሆኑትስ? ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው የፍጥነት መንገድ ጉዞውን አቅልሎታል፤ ሆኖም በየቀኑ የሚመላለሱበት አይደለም። የቅዳሜና እሑድ ትዳር ይሆናል። ሕጉ ተስማምተው ለጊዜው ተለያይተው መኖርን አይከለክልም፤ እኔም አላወግዝም። የማወግዘው የጊዜ ገደብ የሌለውን ነው። «እስኪስተካከል ድረስ» የሚባል ቀን በካሌንደር ላይ የለም። «እስከ መጪው ሰኔ» ይባል። ሰኔ ሲደርስ እንደገና ይቆጠር። ያለ ቀነ ገደብ የተለያዩ ባልና ሚስት አንድ ቀን ሲነቁ ሁለት ቤት፣ ሁለት ጓደኛ፣ ሁለት ኑሮ አቋቁመው ያገኙታል፤ መቼ እንደተፋቱ እንኳ ሳያውቁት።

ነገሩን ሁሉ ግን በባልና ሚስት ጫንቃ ላይ ጥዬ ብሄድ እኔም ከሽማግሌዎቹ አልሻልም። አሠሪዎችስ? በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት የጀመረው የሆላንዱ ኩባንያ ለሠራተኛው ቤት ሠርቶ ነበር። ለርኅራኄ አልነበረም፤ ለስኳሩ ነበር። የአለቃና የሠራተኛ ቤት ልዩነቱም የሰማይና የምድር ያህል ነበር። ቢሆንም ሠራተኛ የሚያድርበትን ሳያስቡ ፋብሪካ እንደማይቆም ገብቶታል። ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ጣሪያው ያምር ነበር፤ ከገጠር የመጡት ወጣት ሴቶች ግን ለሦስትና ለአራት አንድ ክፍል ሲከራዩ ነው የቆዩት። ማሽኑ ማደሪያ ተሠርቶለታል፤ ሰው ተረስቷል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ መንግሥት ሠራተኛውን «ከቤታችሁ ሥሩ» ብሎ ነበር። ሰማይ አልወደቀም። ታዲያ ዛሬ በአዳማ ቅርንጫፍ ያለው ባንክ፣ ሪፖርት ጸሐፊውን በሳምንት ሁለት ቀን አዳማ ቅርንጫፍ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ሥራ ቢለው ምን ይጎድልበታል? በትዳር ምክንያት ዝውውር የሚጠይቅ አስተማሪና ነርስ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ይዞ ለምን እንደ ለማኝ ደጅ ይጠናል? ባቡሩስ? አዳማ ከተማ የሆነችው በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገባው በፈረንሳዮቹ ባቡር ምክንያት ነው፤ ጣቢያው መሐል ከተማዋ ላይ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አዲሱ ባቡር ሲሠራ በዋናነት የታሰበው ወደቡ ነው፤ ጣቢያዎቹም ከከተሞቹ ወጣ ብለው ተተከሉ። ሐዲዱ ግን አለ። ሠራተኛን ጠዋት አድርሶ ማታ የሚመልስ የታመነ ሰዓት ያለው ባቡርና ከጣቢያው መሐል ከተማ የሚያደርስ አውቶቡስ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

ወደዚያ እሑድ ልመለስ። ሚስት አልለቀቀችም። ባልም አልተቆጣም፤ እንዲያውም ከጥያቄዋ በኋላ ዝም ብሎ ሲያስብ ቆየና «ልክ ናት፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም» አለ። ለመሥሪያ ቤቱ ወደ አዳማ እንዲዛወር ማመልከቻ አስገብቷል። ይህን ስጽፍ መልስ አልመጣለትም። አሁንም ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ይወጣል። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ እስከ ሰኔ መልስ ካልመጣ ምን እንደሚያደርጉ ሁለቱ ተቀምጠው ተነጋግረዋል። እኛ ሽማግሌዎቹ አልነበርንም።

በሚቀጥለው ጊዜ ለእንዲህ ያለ ሽምግልና የምትጠሩ ሁሉ፣ ደመወዝ ከመጠየቃችሁ በፊት ሰዓት ጠይቁ። ቡናው ሁለተኛው እስኪደርስም ታገሡ።